ማርቆስ 12፥42፦ ድሀዋ መበለት የጣለችው «ሌፕቶን» ምን ዓይነት ገንዘብ ነው?

የሕጻናት መምህርት (ርእሱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሰንበት ትምህርት ቤት ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናቸውን ልጆች አስተምራለሁ። የሚቀጥለው ትምህርታችን የድሀዋ መበለት ታሪክ ነው። ስዘጋጅ ማርቆስ ምዕራፍ 12ን እና ሉቃስ ምዕራፍ 21ን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ የማይገጥም ነገር አገኘሁ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማርቆስ ላይ «አንድ ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት ናስ ጣለች» ይላል። በሉቃስ ላይ ግን ሁለት ሳንቲም ስትጥል እንዳየ ይናገራል። ሴትዮዋ አንዲት ናት፤ ቦታውም ያው መቅደስ ነው። ታዲያ የሰጠችው አንድ ሳንቲም ነው ወይስ ሁለት?

ልጆቹ ይህን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ከመካከላቸው ቁጥር ከዓይናቸው የማያመልጥ አሉ። «የትርጉም ነገር ነው፣ አትጨነቁበት» ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ መልስ ልጅን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም።

በግሪኩ የተጻፈው ቃል ሌፕቶን መሆኑን አንብቤአለሁ። ሌፕቶን የአንድ የታወቀ ገንዘብ ስም ነው ወይስ «ትንሽ» ማለት ብቻ ነው? በዚያ ዘመን ምን ይገዛ ነበር? ናስ የሚለውስ ከየት መጣ? የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ብራና

እኅታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ግሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። ማርቆስ የጻፈው «ሌፕታ ዱዎ፣ ሆ ኤስቲን ኮድራንቴስ» ብሎ ነው። ሌፕታ የሌፕቶን ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ ንባቡ «ሁለት ሌፕታ፣ ይኸውም ኮድራንቴስ» ማለት ነው። በዚህች አጭር ሐረግ ውስጥ የሁለት ቋንቋ ገንዘብ አለ። ሌፕቶን ግሪክኛ ነው። ኮድራንቴስ ግን ኳድራንስ ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ሩብ ነው፤ አስ የሚባለው የሮማውያን ገንዘብ ሩብ። ዐሥራ ስድስት አስ አንድ ዲናር ይሆናል። አስ ለአራት ሲከፈል ኮድራንቴስ ይሆናል፤ ኮድራንቴስ ለሁለት ሲከፈል ሌፕቶን ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ዲናር ውስጥ 64 ኮድራንቴስ ወይም 128 ሌፕታ አለ።

አሁን ሉቃስን ይመልከቱ። ሉቃስም የጻፈው «ሌፕታ ዱዎ» ብሎ ነው፤ ያው ሁለት ሌፕታ። ልዩነቱ «ይኸውም ኮድራንቴስ» የሚለውን ማብራሪያ መተዉ ብቻ ነው። በግሪኩ ሁለቱ ወንጌላውያን አይለያዩም።

ልዩነቱ የተፈጠረው በአማርኛው ነው፤ እንዴት እንደተፈጠረም መከተል ይቻላል። ተርጓሚዎቹ በማርቆስ ላይ ኮድራንቴስን «ሳንቲም» አሉት። ሳንቲም ደግሞ የመጨረሻው ትንሹ ገንዘባችን ነው። ከእርሱ በታች ላለው ሌፕቶን ስም ስላልቀረላቸው በተሠራበት ማዕድን ጠሩት፤ «ሁለት ናስ» አሉ። ወደ ሉቃስ ሲመጡ ኮድራንቴስ የለም፤ ስለዚህ ሳንቲም የሚለው ስም ነጻ ሆነና ለሌፕቶን ተሰጠ። በዚህም ምክንያት ሴትዮዋ በሉቃስ አማርኛ ላይ በማርቆስ ከሰጠችው እጥፍ የሰጠች መሰለች። ተርጓሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ቦታ ችግር በቦታው ፈቱት።

ሌፕቶን መጀመሪያውኑ ቅጽል ነው። ሌፖ ማለት ላጠ፣ ቀረፈ ማለት ነው፤ ሌፕቶስ ደግሞ ተልጦ የሳሳ፣ የቀጠነ፣ የላመ ነው። በሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው የከሱ ላሞች ሥጋቸው ሌፕቶስ ተብሏል። በ1ኛ ነገሥት 19፥12 ኤልያስ ከነፋሱ፣ ከመናወጡና ከእሳቱ በኋላ የሰማው፣ አማርኛችን «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» ያለው፣ በግሪኩ የሌፕቴ ነፋስ ድምፅ ነው፤ ያው ቃል በአንስታይ ጾታ። ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ የገንዘብ ስም ሲሆን፣ ከሁሉ የቀጠነው፣ ከሁሉ ያነሰው ገንዘብ ማለት ሆነ። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ ሁለቱም ነው፤ «ትንሽ» ከማለት ተነሥቶ ስም ሆኖ የቀረ ቃል ነው። በአዲስ ኪዳን ሦስት ቦታ ብቻ ይገኛል፦ ማርቆስ 12፥42፣ ሉቃስ 12፥59 እና ሉቃስ 21፥2።

የወንዝ ዳር

ብራና፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር አልገባኝም። ታሪኩ የተፈጸመው ኢየሩሳሌም ነው፤ ማርቆስ የሮማን ገንዘብ ምን ሊያደርግለት ጨመረ?

ብራና

ለአንባቢዎቹ ሲል ነው። ጥንታዊው ትውፊት ማርቆስ ወንጌሉን የጻፈው ለሮም ሰዎች ነው ይላል፤ አጻጻፉም ይህን ይደግፋል። የመቶ አለቃውን ማቴዎስና ሉቃስ በግሪክኛ ስም ሲጠሩት ማርቆስ በላቲኑ ኬንቱሪዮን ይለዋል። በ15፥16 ላይ ወታደሮቹ ኢየሱስን ወደ ግቢው ወሰዱት ካለ በኋላ «ይኸውም ፕራይቶሪዮን» ብሎ እንደገና በላቲን ቃል ያብራራል፤ የአነጋገሩ መልክ «ይኸውም ኮድራንቴስ» ካለው ጋር አንድ ነው። የምሥራቁን ትንሽ ገንዘብ የማያውቅ ሰው «ሌፕታ ስንት ነው?» ብሎ እንዳይቆም በሚያውቀው ለካለት።

ስሌት

ሙያዬ ሒሳብ ነውና ቁጥሩን ልጆች በሚገባቸው መንገድ ላስቀምጠው። በማቴዎስ 20 የወይኑ ባለቤት ከሠራተኞቹ ጋር የተስማማው በቀን አንድ ዲናር ነው። ስለዚህ ዲናርን ከዛሬ ምንዛሪ ጋር ማገናኘት አያስፈልግም፤ የአንድ ቀን ጉልበት ዋጋ ነው ማለት ይበቃል። ሠራተኛው ከማለዳ እስከ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 720 ደቂቃ ነው። ይህን ለ128 ብናካፍለው አንድ ሌፕቶን የአምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ድካም ዋጋ ይሆናል። የመበለቲቱ ሁለት ሌፕታ በአንድነት የዐሥራ አንድ ደቂቃ ከሩብ ሥራ ዋጋ ነው። ያላት ሁሉ ይህ ነበር።

በብር ማሰብ ለሚቀልላቸው፣ የቀን ሠራተኛ 640 ብር ይከፈለዋል እንበል፤ ቁጥሩን የመረጥሁት ለማካፈል ስለሚመች ነው። አስ 40 ብር፣ ኮድራንቴስ 10 ብር፣ ሌፕቶን 5 ብር ይሆናል። አሁን ማቴዎስ 10፥29ን አምጡና ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሁለት ድንቢጦች በአንድ አሳሪዮን ይሸጣሉ ይላል ግሪኩ፤ አሳሪዮን ያው አስ ነው። በዚህ ስሌት ሁለት ድንቢጥ 40 ብር፣ አንዲት ድንቢጥ 20 ብር ናት። መበለቲቱ የያዘችው 10 ብር ነው። በመቅደሱ ደጅ ከገበያው ሁሉ ርካሽ ከሆነችው ወፍ አንዲቱን እንኳ መግዛት አትችልም፤ ያላት የግማሽ ድንቢጥ ዋጋ ነው። ይህን ቁጥር ሳገኝ ወረቀቱን አስቀምጬ ዝም አልሁ።

በነገራችን ላይ ሉቃስ 12፥6 አምስት ድንቢጦች በሁለት አሳሪዮን ይሸጣሉ ይላል። ሁለቱ በአንድ፣ አራቱ በሁለት ከሆነ አምስተኛዋ ምራቂ ናት ማለት ነው። ጌታ «ከእነርሱ አንዲቱ እንኳ አትረሳም» ያለው ይህችን ያለ ዋጋ የምትሰጠዋን ጨምሮ ነው።

ብራና ስለ ትርጉሙ ባነሣው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች አሳሪዮንን አምስት ሳንቲም፣ ሁለቱን አሳሪዮን ዐሥር ሳንቲም ብሎታል። በትክክል ቢሰላ አስ አራት ኮድራንቴስ ስለሆነ አራት ሳንቲም መሆን ነበረበት። ነገር ግን የአራት ሳንቲም ገንዘብ ኖሮን አያውቅም፤ የአምስትና የዐሥር ግን ነበረን። ተርጓሚዎቹ አንባቢው በኪሱ የሚያገኘውን ገንዘብ መረጡ ብዬ እረዳዋለሁ፤ ለእኔ ይህ የሚያስመሰግን ነው።

መዳብ

የምኖረው ኢየሩሳሌም ነው፤ ጥንታዊ ገንዘብ ማየት እወዳለሁ። ልጆቹ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት መልኩን ልግለጽላችሁ።

በይሁዳ ምድር ከተሠሩት ገንዘቦች «ሌፕቶን» የሚል ጽሑፍ ያለበት የለም። ቃሉ ግሪክኛ ተናጋሪዎች ለትንሹ ገንዘብ የሰጡት መጠሪያ ነው። አይሁድ የራሳቸውን ትንሽ ገንዘብ ፕሩታ ይሉታል። ሚሽና የሚባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ ቂዱሺን በሚለው ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ ፕሩታ የአስ አንድ ስምንተኛ መሆኗን ይናገራል። ብራና በሰጠው ስሌት ደግሞ ሌፕቶን የኮድራንቴስ ግማሽ፣ ኮድራንቴስ የአስ ሩብ ነው፤ ስለዚህ ሌፕቶንም የአስ አንድ ስምንተኛ ነው። የማርቆስ ሐረግና የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አንድ ልክ ሰጡን።

በሱቆችና በቤተ መዘክሮች «የመበለቲቱ ሳንቲም» ተብለው በብዛት የሚታዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 በይሁዳ የነገሠው እስክንድር ያናዮስ ያሠራቸው ናቸው። በአንድ ገጽ መልሕቅ፣ በሌላው ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ይታይባቸዋል። ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጡም፤ ብዙዎቹ ክብደታቸው ከአንድ ግራም በታች ነው። የአሠራራቸው መጣደፍ በግልጽ ይታያል። የቀለጠው ነሐስ በለስላሳ ኖራ ድንጋይ ላይ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ይፈስሳል፤ ጉድጓዶቹን የሚያገናኝ ቦይ ስላለ ሳንቲሞቹ በአንድ ገመድ እንደተያያዙ ይወጣሉ። ከዚያ ምልክቱ በመዶሻ ይመታባቸውና አንዱ ከሌላው በመሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ የተቆረጠ ጉጥ አላቸው፤ ኮከቡም መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ሸሽቶ ግማሹ ብቻ ይገኛል። ከንጉሡ ሞት በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በገበያ ላይ ስለቆዩ በጌታ ዘመን ጽሑፋቸው ተፍቆ ነበር። እንዲህ ያለውን በጣት ሲይዙት ገንዘብ መሆኑን የሚነግር ነገር ብዙም የለውም።

ጲላጦስም የራሱን ትንሽ የነሐስ ገንዘብ አሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ29 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት። በእነርሱ ላይ የሮማውያን የጣዖት አምልኮ ዕቃዎች ተቀርጸዋል፤ ጫፉ የተጠማዘዘ ዘንግና ጭልፋ። ሁለቱም ዓይነት በዚያ ዘመን በኢየሩሳሌም ገበያ ይዘዋወር ነበር።

የገንዘቡ ሣጥን ደግሞ አንድ አልነበረም። ሚሽና፣ ሸቃሊም በሚለው ክፍል፣ በመቅደሱ የቀንደ መለከት ቅርጽ ያላቸው 13 ሣጥኖች እንደነበሩና በእያንዳንዱ ላይ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተጽፎ እንደነበር ይናገራል።

የሕጻናት መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጠየቅሁት በላይ ሰጣችሁኝ። የግማሽ ድንቢጥ ዋጋ የሚለውን ልጆቹ እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ቃል አስቸገረኝ። ማርቆስ 12፥44 «ይህች ግን ከጉድለትዋ የነበራትን ሁሉ ትዳርዋን ሁሉ ጣለች» ይላል። መበለት ናት፤ ባሏ ሞቷል። ትዳሯን ጣለች ሲባል ልጆቹ ቤቷን ትታ የሄደች ሊመስላቸው ነው። ትዳር እዚህ ምን ማለት ነው?

የቅኔ ቤት

ልጄ፣ ትዳር በቀድሞው አማርኛ ጋብቻ ብቻ አልነበረም። ሰው የሚኖርበት ሀብት፣ ጎጆው፣ እህሉ፣ ከብቱ፣ የዕለት ጉርሱ ሁሉ ትዳር ይባል ነበር። «መተዳደሪያ» በሚለው ቃላችን ውስጥ ያ ትርጉም ዛሬም በሕይወት አለ። ጊዜ ሲሄድ ትዳር ወደ ባልና ሚስት ኑሮ ጠበበ። ስለዚህ ለልጆቹ «መተዳደሪያዋን ሁሉ» ብለሽ አንብቢላቸው። በግሪኩ ያለው ቢዮስ ነው፤ ሕይወትም መተዳደሪያም ማለት ነው። በጠፋው ልጅ ታሪክ አባት ለሁለቱ ልጆቹ ያካፈለው በግሪኩ ያው ቢዮስ ነው። ያ አባት ርስትና ከብት ያካፈለበት ቃል ለዚህች ሴት ሁለት ቅንጣት ነሐስ ሆነ።

ናስ ያልሽው የነሐስ ሌላ አነጋገር ነው። ግእዙ ግን በማዕድኑ አልጠራውም፤ ሌፕቶንን ጸሪቅ ይለዋል፤ ብዙ ቁጥሩ ጸራይቅ ነው። ለእኔ ግእዙ እዚህ ላይ ከአማርኛው ይሻላል፤ ለትንሽ ገንዘብ የራሱ ስም አለውና። ይህም አይገርምም። ወንጌል ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሷን ገንዘብ ታሠራ ነበር። ዒዛና ካመነ በኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረውን ጨረቃ አንሥቶ መስቀል አኖረበት። ለገበያተኛው በሚዘዋወረው የነሐስ ገንዘብ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል በግሪክኛ ተጽፎ ነበር። እነዚያ ተርጓሚዎች የነሐስ ቅንጣት በእጃቸው ይዘው፣ ሽንኩርት ሲገዙበት የኖሩ ሰዎች ናቸው። በኋላ ዘመን ግን አገራችን በአሞሌና በማርያ ቴሬዛ ብር ስትገበያይ ኖረች፤ አማርኛው ወንጌል ሲዘጋጅ የትንሽ ገንዘብ ስም ከባዕድ መዋስ ግድ ሆነ። ሳንቲም ከፈረንሳይኛ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቤሳም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» በሚለው አነጋገር ተረፈ። የኔን ምክር ከጠየቅሽ «ሁለት ቤሳ» ብትያቸው ይገባቸዋል።

ብራና ሌፕቶን የቀጠነ፣ የላመ ማለት ነው ያለውን ሳነብ የራሳችን ቃል ትዝ አለኝ። ደቀቀ እንላለን፤ ደቃቅ አፈር እንላለን። በግእዝ ደቂቅ ትንሽ፣ ረቂቅ ማለት ነው፤ ሕጻናትም ደቂቅ ይባላሉ። ከዚሁ የሰዓቱ ክፋይ ደቂቃ ተባለ። የግሪክም ሰዎች ዛሬ ደቂቃን ሌፕቶ ይሉታል፤ የዩሮን ሳንቲም ሌፕቶ ብለው ይቀርጹታል። ስሌት ሌፕቶንን በደቂቃ ሲለካ ሳያስበው የቃሉን ሁለት ልጆች አገናኘ።

ዘአምባ

ስለ ገንዘቡ የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ታሪክ በየመድረኩ የሚሰበከው ድሀን ኪሱን እንዲያራግፍ ለማድረግ ነው። ከቁጥር 40 ጀምራችሁ አንብቡ። ጌታ ጻፎችን «የመበለቶችን ቤት የሚበሉ» ብሎ ገና መውቀሱ ነው፤ ወዲያው ቀና ሲል አንዲት መበለት የመጨረሻዋን ስትጥል ያያል። ምዕራፉ እንዳለቀ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የመቅደሱን ድንጋይ ሲያደንቅ «ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይፈርስ አይቀርም» አለው። ገንዘቧ የገባው ሊፈርስ ወዳለው ሕንፃ ነው። «ሂዱና እናንተም እንዲሁ አድርጉ» የሚል ቃል በታሪኩ ውስጥ የለም። ጌታ ያየውን ተናገረ፤ ያየው ደግሞ ቤቷ የተበላባትን ሴት ነው።

እናቴ በየወሩ ከምትቀበለው ጥቂት ገንዘብ ላይ ስእለት ተብላ፣ አስተዋጽኦ ተብላ፣ ለመድኃኒት ሳይተርፋት ያየሁ ሰው ነኝ። የሌፕቶንን ዋጋ የምናስላ ከሆነ ማን እንደተቀበለውም እናስላ። መምህርት፣ እባክሽ ልጆቹን ይህን ቁጥር ሳታስነብቢ አትለፊያቸው።

ስሌት

ዘአምባ፣ ስለ እናትዎ የጻፉት አሳዝኖኛል። የመበለቶችን ቤት የሚበሉት ላይ የተነገረው ፍርድ እውነት ነው፤ ከዚህ ታሪክ መለየትም የለበትም። ነገር ግን ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ የተናገረውን ቃልም መተው አንችልም፤ «ከሚጥሉት ሁሉ ይልቅ አብልጣ ጣለች» አለ። ይህ ስለ ጻፎቹ የተነገረ አይደለም፤ ስለ እርሷ ነው። ተበዳይ ናት ስንል፣ ያደረገችውን አውቃ ያደረገች ሴት መሆኗን እንዳንነፍጋት እፈራለሁ።

ብራና

ሁለታችሁ የተናገራችሁት በግሪኩ ላይ ቦታ አለው። እኔ የማተኩረው «ሁለት» በሚለው ቁጥር ላይ ነው። ማርቆስ «አንድ ኮድራንቴስ ጣለች» ቢል ዋጋው በትክክል ይነገር ነበር፤ ለሮም አንባቢም ይቀልል ነበር። እርሱ ግን መጀመሪያ ሁለቱን ቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋጋቸውን ነገረን። ሉቃስ ደግሞ ዋጋውን ትቶ ሁለቱን ብቻ ያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። አንድ ገንዘብ ብቻ የያዘ ሰው ወይ ይሰጣል ወይ ይተዋል። ሁለት የያዘ ግን አንዱን ሰጥቶ አንዱን ማስቀረት ይችላል፤ ማንም አይወቅሰውም፤ ግማሽ ሀብቱን ሰጥቷልና ከባለ ጠጎቹ ሁሉ ይበልጣል። ሴትዮዋ ይህ አማራጭ በእጇ ነበር። ስለዚህ ዘአምባ እንዳሉት ጻፎቹ ተጠያቂዎች ናቸው፤ ስሌት እንዳሉት ደግሞ ሁለተኛዋን ሌፕቶን ከእጇ የነጠቃት ሰው የለም። እኔ አንዱን ይዤ ሌላውን የምጥልበት ምክንያት አላየሁም።

ተርጓሚ ብሆን «ሁለት» የሚለውን ቁጥር በምንም ምክንያት አልነካውም ነበር። ገንዘቡ ጸሪቅም ይባል፣ ናስም ይባል፣ ቤሳም ይባል፣ ሁለት መሆኑ ከጠፋ ታሪኩ ይጠፋል።

ዘአምባ

ብራና ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ቁጥር 40 ይነበብ በሚለው እጸናለሁ።

የወንዝ ዳር

ከርእሱ ትንሽ ልውጣና፣ ጴጥሮስ ከዓሣው አፍ ያገኘው እስታቴርስ? እርሱም ትንሽ ገንዘብ ነው?

ብራና

አይደለም፤ ትልቅ የብር ገንዘብ ነው። እስታቴር አራት ድራክማ ነው። በማቴዎስ 17፥24 ግብር ሰብሳቢዎቹ የጠየቁት በግሪኩ ዲድራክማ፣ ማለት ሁለት ድራክማ ነው፤ ይህም በዘጸአት 30፥13 የተደነገገው የአንድ ሰው ግማሽ ሰቅል ነው። ስለዚህ አንድ እስታቴር የሁለት ሰው ግብር በልክ ይከፍላል፤ «ስለ እኔና ስለ አንተ» የተባለውም ለዚህ ነው። ለመቅደሱ ግብር ይፈለግ የነበረው በጢሮስ ከተማ የሚሠራው ጥሩ ብር ነበር፤ 14 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በአንድ ገጹ መልቀርት የተባለው የጢሮስ ጣዖት ራስ፣ በሌላው ንስር ያለበት። ድራክማን ከዲናር ጋር እኩል ብንቆጥር አንድ እስታቴር 512 ሌፕታ ያወጣል። ድራክማ ያልሁት በሉቃስ 15፥8 አማርኛው ድሪም የሚለው ነው።

የሕጻናት መምህርት

የኔታ፣ ስለ ትዳር የነገሩኝ ትልቅ እገዛ ነው፤ «ሁለት ቤሳ» የሚለውንም እወስዳለሁ። ዘአምባ፣ ንባቡን ከቁጥር 38 እጀምራለሁ፤ ልጆቹ ስለ ጻፎቹ የተነገረውን ሰምተው ወደ መበለቲቱ ይደርሳሉ። ከእነርሱ መካከል እናቶቻቸው ብቻቸውን የሚያሳድጓቸው አሉ፤ የጻፉት ለእነርሱም ይሆናል። በሰሌዳው ላይ የስሌትን ቁጥሮች እጽፋለሁ፤ ሁለት ድንቢጥ 40 ብር ብዬ እጀምርና መበለቲቱ ስንት ድንቢጥ ትገዛ እንደነበር ራሳቸው እንዲያወጡት እተወዋለሁ።

ብራና፣ አንድ የመጨረሻ ነገር ብቻ። ሌፕቶን በሉቃስ 12፥59ም አለ ብለዋል። ከባላጋራህ ጋር ታረቅ የሚለው ቃል በማቴዎስ 5፥26 የመጨረሻዋን ሳንቲም ይላል፤ በሉቃስ ደግሞ የመጨረሻዋን ግማሽ ሳንቲም። ይህስ አለመስማማት አይደለም?

ብራና

በግሪኩ ማቴዎስ «የመጨረሻውን ኮድራንቴስ»፣ ሉቃስ «የመጨረሻውን ሌፕቶን» ይላሉ። እኛ «ሰባራ ሳንቲም ሳትቀር» እንደምንለው፣ ሁለቱም ዕዳው ተጠርጎ ይከፈላል ማለታቸው ነው፤ እያንዳንዱ በአንባቢው ዘንድ መጨረሻ የሆነውን ገንዘብ ጠራ። በአማርኛው ኮድራንቴስ ሳንቲም፣ ሌፕቶን ግማሽ ሳንቲም ተብሏል፤ ልኬቱ በትክክል ተጠብቋል። በሉቃስ 21፥2 ላይም እንዲሁ «ሁለት ግማሽ ሳንቲም» ቢባል ኖሮ ከማርቆስ ጋር ይገጥም ነበር።